ነጯ የጉሬዛ ግልገል

እስቲ ተጠጉና ላውጋችሁ። ነገሩ ሲጀመር ትንሽ ነበር፤ እንደ ሰርዶ ሥር ግን ሲስቡት ሲስቡት አላልቅ ብሎ ስንቱን አስከተለ።

ወንዳፍራሽ የሚባል ሰው ነበር። ትርንጎ የምትባል ሚስት ነበረችው። ወንዳፍራሽ ሠላሳ አንድ ዓመት አገር አቋራጭ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ወጣ። ትርንጎም አዳማ ላይ ለልጆች ሳይንስ ስታስተምር ኖራ ጡረታ ወጣች። ልጆቻቸው አግብተው ሲሄዱ ቤቱ ሰፋባቸው። ያኔ ወንዳፍራሽ አንዲት አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ወንበሯን ነቅሎ አልጋ ሠራባት፣ የሚታጠፍ ጠረጴዛ ገጠመላት፣ ለቡታጋዙ ጥግ አበጀ። ትርንጎ ደግሞ አበባ ያለበት መጋረጃ ሰፋችላት። ስሟንም «ጎጆ» አሏት።

«በይ፣ ወዴት ልውሰድሽ?» አላት ወንዳፍራሽ መሪውን ይዞ።

«ወደ ደኑ፣» አለች ትርንጎ። «ዝናብ የማይጠፋበት፣ ዛፍ በዛፍ ላይ የሚበቅልበት አገር። እዚያ አንዲት ነገር ማየት እፈልጋለሁ።»

«ምን?»

«ጉሬዛ ስትወለድ እንደ ጥጥ ነጭ ናት። ይህንን ለስንቱ ልጅ አስተማርሁ! በዓይኔ ግን አላየሁም። አንዲት ነጭ ግልገል ጉሬዛ ማየት እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ይህቺማ ቀላል ናት፣» አለ ወንዳፍራሽ። ቀላል ናት ያለው እሱ ነው፤ እኔ አላልኩም።

ከአዳማ ተነሱ፣ ጅማን አለፉ፣ ቦንጋን አለፉ። ደኑ ሲጀምር መንገዱ ጠበበ፣ ሰማዩ ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ጎጆን ጥግ ያስይዙና ክንድ ለክንድ ተያይዘው በእግር ይገባሉ። ዛፉ ሁሉ የሽማግሌ ጢም የመሰለ የዛፍ ሽበት አንጠልጥሏል። መንቁሩ ማጭድ የሚያህል ወፍ ከላያቸው ሲያልፍ ክንፉ እንደ ወናፍ ይተነፍሳል። አንድ ቀን የጫካ አሳማ ልጆቿን አስከትላ መንገድ ስታቋርጥ ወንዳፍራሽ ፍሬን ይዞ እስከ መጨረሻው ግልገል ድረስ አሳለፋት። «ምን ላድርግ፣ እግረኛ ቅድሚያ አለው፣» አለ። ትርንጎ ሳቀች። የትርንጎ ጉልበት ግን ከሃያ ደቂቃ መንገድ በላይ አይታገሣትም፤ ሃያ ደቂቃ ይሄዱና ሃያ ደቂቃ ያርፋሉ። ጉሬዛም አዩ፣ ብዙ አዩ። ሁሉም ግን ጥቁርና ነጩን ካባ የለበሱ ትልልቆች ነበሩ።

በአምስተኛው ቀን ከአንዲት መንደር ደረሱ። አቶ አደሎ የሚባል ገበሬ ሁለት በሬዎቹን እየነዳ ከእርሻ ሲመለስ አገኙት።

«ነጭ ግልገል? አለች እንጂ!» አለ አቶ አደሎ። «ከላይ ትልቁ ሾላ ላይ ተወልዳለች። ሁለት ሳምንት አልፏታል። ሾላው በስሏል፤ እሱን በልተው ሳይጨርሱ ከዚያ አይወርዱም።»

ትርንጎ በጣቷ ቆጠረች። ግልገል ጉሬዛ ወር ሳይሞላት መጥቆር ትጀምራለች። «ወንዴ፣» አለች፣ «ዛሬ ነገ ካልን ነጭነቷ ያልፋል። ንዳ!»

ወንዳፍራሽ ነዳ። ግን ከመንደሩ ወጣ ብሎ አንድ ትልቅ ዛፍ በዝናቡ ተገንድሶ ወድቆ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ዘግቶታል። በቀኝ ገደል፣ በግራ ዳገት። ወንዳፍራሽ ወርዶ ግንዱን በትከሻው ገፋው። ግንዱ ንቅንቅ አላለም።

«ሾላው ከዚህ በእግር አንድ ሰዓት ነው፣» አለ እየተመለሰ። «እሽኮኮ ልበልሽ?»

«አንተ? ክብደቴን ረሳኸው? ሁለታችንንም የሚሸከም ሌላ ሰው ይፈለግ ነበር፣» አለች ትርንጎ። የጎጆን በር ከፍታ ጉልበቷን ትራስ ላይ አሳረፈች። «ሂድና መላ ፈልግ። እኔ እዚህ ነኝ።»

ወንዳፍራሽም ለራሱ እንዲህ አለ፦ ግንዱ አይነሳ፣ ጎጆ አታልፍ፣ ጉሬዛዋ አትወርድ፣ ትርንጎም ግልገሏን አታይ። እንግዲያው ግንዱን የሚያነሳ ልፈልግ።

ወደ አቶ አደሎ ተመለሰ። «አቶ አደሎ፣ በሬዎችዎን ያውሱኝ፤ ግንዱን ይሳቡልኝ።»

«ለእንግዳ ምን ይነፈጋል!» አለ አቶ አደሎ። በሬዎቹን ጠምዶ፣ ጠንካራ መጫኛ በትከሻው ጥሎ መጣ። በሬዎቹም ደህና እየመጡ ሳለ ከግንዱ ሃያ እርምጃ ሲቀራቸው ጆሯቸውን ቀሰሩና ቆሙ። አንዱ አፍንጫዬን ነደፈኝ ብሎ ዘለለ፣ ሌላው ተከተለው፣ አቶ አደሎንም እየጎተቱ ወደ መንደር ሸሹ።

ለካ የወደቀው ዛፍ ሆዱ ክፍት ነው። ንቦች ቤት ሠርተውበት ኖረዋል። ዛፉ ሲወድቅ ከነቤታቸው ወደቁ፣ ከነቤታቸውም ተናደዱ።

አቶ አደሎ እያለከለከ ተመለሰ። «በሬዎቼ ሞኝ አይደሉም፣ ጋሼ። ንቦቹ ሳይለቁ እነሱ አይቀርቡም።»

ወንዳፍራሽ ወደ ትርንጎ ሄደ። ፊቱን ስታየው ገባት። «ደግሞ ማን እምቢ አለ?»

«ንቦቹ አይለቁ፣ በሬዎቹ አይስቡ፣ ግንዱ አይነሳ፣ ጎጆ አታልፍ፣ ጉሬዛዋ አትወርድ፣ አንቺም ግልገሏን አታዪ!» አለ ወንዳፍራሽ። «እሳት ብንለቅባቸውስ? በአንድ አፍታ ነው የሚያልቀው።»

ትርንጎ ቀና ብላ አየችው። «የአንዷን ልጅ ለማየት የሌላውን ቤት ላቃጥል? ከሆነ ወደ አዳማ መልሰኝ።»

አቶ አደሎም ራሱን ነቀነቀ። «እዚህ አገር ንብ አይቃጠልም። ንብ የሚያስነሳ ሰው አለን፤ አባባ ኮጪቶ ይባላሉ። ይሂዱና ያናግሯቸው።»

አባባ ኮጪቶ ሰባ አምስት ዓመት የሆናቸው የማር ሰው ናቸው። የረጅም ዛፍ ጫፍ እየወጡ ቀፎ ሲሰቅሉ ነው የኖሩት። ወንዳፍራሽ ሲደርስ ደጃቸው ላይ ጋቢ ተከናንበው፣ ሁለት እጃቸውን ከጋቢው ሥር ደብቀው ተቀምጠዋል።

«አባባ፣ ከመንገዱ ላይ ንብ ያስነሱልኝ፣» አላቸው።

«ንብ ማስነሳት ሥራዬ ነው፣ ልጄ። አስነስቼ ግን የት ላግባቸው? በዚህ ዝናብ ሜዳ ላይ ልበትናቸው? ቀፎ የለኝም። ያለው ያውልህ፣ ግማሹ ነው።»

አዎን፣ ከቤቱ ጥግ በቀርከሃ ስንጥር የተሠራ ቀፎ ተቀምጧል፤ ግማሹ ተሸምኖ ግማሹ ክፍት ነው።

«ታዲያ ለምን አይጨርሱትም?»

«እኔ ስንጥሩን ነው የማወጣው። የምትሸምነው ሚስቴ አስካለ ናት፤» አሉና በአገጫቸው ወደ ጓሮ ጠቆሙ። «እሷም ካቆመች ሁለት ሳምንት ሆናት።»

ጓሮው አሥራ አምስት እርምጃ ነው። ወንዳፍራሽ ሄደ። እማማ አስካለ ከእንሰቱ ሥር ተቀምጠው ገመድ ያከራሉ።

«እማማ፣ እባክዎ ቀፎውን ይጨርሱልኝ። ቀፎው አያልቅ፣ ንቦቹ አይለቁ፣ በሬዎቹ አይስቡ፣ ግንዱ አይነሳ፣ ጎጆ አታልፍ፣ ጉሬዛዋ አትወርድ፣ ሚስቴም ግልገሏን አታይ ሆነብኝ!»

እማማ አስካለ ፈገግ አሉ፤ ቶሎ ግን ፈገግታቸውን ሰበሰቡት። ከኋላቸው አንድ የተሰበረ ቀፎ አወጡ። «ና የኔ ልጅ፣ ይህንን እይ። ሽመናው የተፈታበት ቦታ አለ?»

ወንዳፍራሽ አገላብጦ አየ። ቀፎው ከከፍታ ወድቆ ተጨፍልቋል፤ ከሽመናው ግን አንዲት ስንጥር እንኳ አልተፈታችም። የተፈታው የተንጠለጠለበት ገመድ ቋጠሮ ነው።

«አርባ ሁለት ዓመት ሸመንሁ፣» አሉ እማማ አስካለ። «ይህ ቀፎ ሲወድቅ ኮጪቶ ጎረቤት በተሰበሰበበት ‹የአስካለ እጅ አብቅቶለታል› ብሎ ተናገረብኝ። ይቅርታ ሳይለኝ አንዲት ስንጥር አልነካም።»

ወንዳፍራሽ አሥራ አምስቱን እርምጃ ተመለሰ። «አባባ፣ እማማ ይቅርታ ይፈልጋሉ።»

«በዚህ ዕድሜዬ?» አሉ አባባ ኮጪቶ። ፊታቸውን ወደ ጫካው አዞሩ። «አልልም።»

ወንዳፍራሽ ወደ ጎጆ ሄደ። መንገዱ አሥር ደቂቃ ነው፤ እንዳይረሳው እየደገመ ሄደ። ትርንጎ ገና ከሩቁ «ደግሞ ማን እምቢ አለ?» አለችው።

«አባባ ኮጪቶ ይቅርታ አይሉ፣ እማማ አስካለ አይሸምኑ፣ ቀፎው አያልቅ፣ ንቦቹ አይለቁ፣ በሬዎቹ አይስቡ፣ ግንዱ አይነሳ፣ ጎጆ አታልፍ፣ ጉሬዛዋ አትወርድ፣ አንቺም ግልገሏን አታዪ!»

ትርንጎ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳቋ ሲበርድ ግን ወደ ዳገቱ አየች፤ ከላይ ካለው ደን የጉሬዛዎቹ ድምፅ እንደ ሩቅ ነጎድጓድ ይሰማል። «እዚያው ናቸው፣» አለች ቀስ ብላ። «እዚያው ሆነው ነው የማላያቸው።» ያቺ ድምፅዋ ወንዳፍራሽን አንጀቱን በላችው። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ።

ከአባባ ኮጪቶ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ። «አባባ፣ አንዲት ቃል ናት። ይበሏትና ይገላገሉ።»

«አንተ ምን ሠርተህ ነው የኖርከው?» አሉት።

«ሹፌር ነበርኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት።»

«ሚስትህን ስንት ጊዜ ይዘሃት ሄድክ?»

ወንዳፍራሽ ቀና ማለት አቃተው። «አንድም ጊዜ። የክረምት ዕረፍት በመጣ ቁጥር ውሰደኝ ትለኛለች፤ እኔም ወንበር ሞልቷል እላታለሁ።»

«ሞልቶ ነበር?»

«ሁልጊዜ አይደለም።»

«ታዲያ?»

«እቤቴ ጌታ ነኝ፣ አባባ። አውቶቡሱ ላይ ግን የማይሰድበኝ የለም። ተሳፋሪው ዘገየህ ብሎ ይጮህብኛል፣ ተራ አስከባሪው ይገፈትረኛል፣ እኔም አንገቴን ደፍቼ እሺ እላለሁ። ያንን እንድታይ አልፈለግሁም።»

«ይህንን ነግረሃታል?»

«ለማንም ተናግሬው አላውቅም።»

 «እንግዲያው አንተ ቅደም፣» አሉ አባባ ኮጪቶ። «ሰው ራሱ ያልጠጣውን ኮሶ ለሌላ አያቀርብም። አንተ ለሚስትህ ከነገርካት እኔም እነሳለሁ።»

ወንዳፍራሽ ወደ ጎጆ ተመለሰ።  ትርንጎ በሩ ላይ ሆና «ደግሞ ማን እምቢ አለ?» ስትለው ከፊቷ ቆመ።

«አሁንስ እምቢ ያለው እኔ ነኝ፣» አለ። «ወንዳፍራሽ አይናገር፣ አባባ ኮጪቶ ይቅርታ አይሉ፣ እማማ አስካለ አይሸምኑ፣ ቀፎው አያልቅ፣ ንቦቹ አይለቁ፣ በሬዎቹ አይስቡ፣ ግንዱ አይነሳ፣ ጎጆ አታልፍ፣ ጉሬዛዋ አትወርድ፣ አንቺም ግልገሏን አታዪ።»

በዚህ ጊዜ ትርንጎ አልሳቀችም። «ምንድን ነው የማትናገረው?»

ነገራት። ባዶውን ወንበር ነገራት፣ ስድቡን ነገራት፣ የደፋውን አንገት ነገራት። ሲጨርስ ዝናቡ የጎጆን ጣሪያ መምታት ጀምሮ ነበር።

ትርንጎ የመጋረጃውን ጫፍ በጣቷ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች። «እኔ የመሰለኝ በእኔ የምታፍር ነበር፣» አለች። «ክረምት በመጣ ቁጥር ልብሴን አጥፌ ሻንጣ አስገባለሁ። አንተ ወንበር ሞልቷል ስትለኝ መልሼ ቁም ሳጥን አስገባዋለሁ። መልኬን ጠልቶት ነው እላለሁ።»

ወንዳፍራሽ ይህንን አልጠበቀም። እውነቱን የደበቀው ራሱን ለመሸፈን ነበር፤ ለካ እሷን ነው ያቆሰለው።  «ትርዬ፣ ይቅር በይኝ፣» አለ። 

ዝናቡ ዘነበ፣ ዘነበ። ትርንጎ ቆይታ ቆይታ እጁን ያዘችው። «አንተ ሞኝ፣» አለች። «እኔ በአንድ ክፍል ስድሳ ልጅ ሳስተምር የኖርኩ ሴት፣ ስድብ የማላውቅ መሰለህ? ይቅር ብዬሃለሁ። ግን እስከ አዳማ ድረስ እየተናደድኩብህ ነው የምሄደው።»

«ተናደጂ፣» አለ ወንዳፍራሽ። «እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ እነዳለሁ።»

ከዚያ ትርንጎ ነጠላዋን ደርባ ከጎጆ ወረደች። አሥር ደቂቃውን መንገድ ጉልበቷ ይችለዋል። ተደጋግፈው ከአባባ ኮጪቶ ደጅ ሲደርሱ ሽማግሌው ሁለቱንም አዩና ምንም አልጠየቁም፤ ብድግ አሉ። አሥራ አምስቱን እርምጃ ሄዱ። ከእንሰቱ ሥር ቆመው እጃቸውን ከጋቢው አወጡ። ሁለቱም እጃቸው ይንቀጠቀጣል።

«አስካለ፣» አሉ፣ «ሽመናሽ አልተፈታም። የተፈታው ቋጠሮዬ ነው። እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ልጆቹ ከሰሙ ዛፍ አትወጣም ይሉኛል ብዬ ፈራሁና በአንቺ አሳበብሁ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

እማማ አስካለ የሚያከሩትን ገመድ ከፍ አድርገው አሳዩአቸው። የትልቅ ሰው አውራ ጣት ያህላል። «እጅህ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፣» አሉ። «ገመዱን እንዲህ አወፍሬ የማከርልህ ለምን ይመስልሃል? ለቋጠሮ እንዲመችህ እኮ ነው። ምናለ ብትነግረኝ?» ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «በል፣ ስንጥሩን አቀብለኝ።»

እነሆ አሁን ሰንሰለቱ መፈታት ጀመረ፤ መፈታቱም ዝም ብሎ መፈታት መሰላችሁ!

ወንዳፍራሽ ተናገረና አባባ ኮጪቶ ይቅርታ አሉ። አባባ ኮጪቶ ይቅርታ አሉና እማማ አስካለ ሸመኑ። እማማ አስካለ ሸመኑና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቀፎው አለቀ። ቀፎው አለቀና አባባ ኮጪቶ ግንዱን በጭስ አጠኑ፤ ጭሱን የያዘው ወንዳፍራሽ ነው፣ ጆሮው ላይ ሦስት ቦታ ተነደፈ። አባባ ኮጪቶ አውራዋን ፈልገው ከነማሯ ወደ አዲሱ ቀፎ አገቧት፤ ንቦቹም ተከትለዋት ገቡ። ቀፎውን ዝቅ ካለ ቅርንጫፍ ላይ አባባ ኮጪቶ ደግፈው ያዙ፣ ቋጠሮውን እማማ አስካለ ቋጠሩ። ቀሪውን ለነገ ብለው ሁሉም ወደየቤቱ ገባ። ሲነጋ ንቦቹ ለቀዋልና በሬዎቹ ቀረቡ። በሬዎቹ ሳቡና ግንዱ ተነሳ። ግንዱ ተነሳና ጎጆ አለፈች። አቶ አደሎ ከኋላ ሆኖ «ጋሼ፣ ከላይ ጭቃ አለ፣ በአንደኛ ማርሽ!» እያለ ይጮሃል። ለሠላሳ አንድ ዓመት ሹፌር!

ሾላው ሥር ሲደርሱ ጉም ገና ከዛፎቹ አልተላቀቀም። ወንዳፍራሽ ሞተሩን አጠፋና የትርንጎን በር ከፈተላት። ዝም ብለው ቆሙ። መጀመሪያ ቅጠል ተንኮሻኮሸ። ቀጥሎ የሾላ ፍሬ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ረጅም ነጭ ጭራ ተንጠለጠለ፣ ሌላም፣ ሌላም። ከሁሉም ዝቅ ብላ አንዲት እናት ተቀመጠች። ክንዷን ስትከፍት ደረቷ ላይ ያለችው ብቅ አለች።

ትርንጎ የወንዳፍራሽን እጅጌ ጨመደደችው።  ፊቷ ላይ የስድሳ ዓመት ሴት ጠፍታ፣ ወንዳፍራሽ የማያውቃት አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። አፏ ተከፍቷል፤ መዝጋቱም አልታወሳትም።

«አየሃት ወንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«አላየኋትም፣» አለ ወንዳፍራሽ።

«እንዴት አላየሃትም!»

«አንቺን ሳይ።»

ትርንጎ አገጩን በሁለት ጣቷ ይዛ ወደ ዛፉ አዞረችው። እዚያ፣ በጥቁሩ ክንድ ላይ፣ ግልገሏ ትንሽ ሮዝ ፊቷን አውጥታ፣ አንዲት ቅጠል ለመያዝ እጇን ዘርግታ ትስታለች፣ ደግማ ትዘረጋለች። አንዲት ሌላ እንስት መጥታ ከእናቷ ተቀብላ አቀፈቻት። ቀጥሎ ሌላዋ ተቀበለቻት። ከእጅ ወደ እጅ ስትሄድ በአረንጓዴው መሃል እንደ እሷ የነጣ ነገር አልነበረም።

«እውነትም ጥጥ፣» አለ ወንዳፍራሽ።

«ዝም በል፣» አለችው ትርንጎ፤ እጅጌውን ግን አልለቀቀችም። ጉሙ ሾላውን መልሶ እስኪሸፍነው ድረስ እዚያው ቆመው አዩ።

የሰማሁትን አደረስኩ፤ እኔም አፌን ላሳርፍ፣ የእናንተም ጆሮ ይባረክ።